አልታየም

ባሕሩ ሩቅ ነው። እኔ ኮዬ ፈጬ፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ፣
ሊፍት ይገባል በተባለው ጉድጓድ እርግብ ሲርመሰመስ ሳይ፣
ከሰል በተከመረበት፣ ጀሪካን በሞላው በረንዳ
ዓሣ እቆጥራለሁ። የወር ደመወዝ አለኝ፣ የወርም ዕዳ።
ድኅረ ዶክትሬት ይሉታል፤
ጨርሰሽ አልጨረስሽም እንደ ማለት ይመስለኛል።

ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለች ዶክተር መባሌን ሰምታ
የልጇን ሳል ይዛ መጣች፣ እኩለ ሌሊት አንኳክታ።
"ይቅርታ፣ የዓሣ ነኝ" አልኳት።
"ዓሣ ታክሚያለሽ?"
"አላክምም። እቆጥራለሁ።"
"እንዴ! የት?"
"እዚሁ፣ ቤት።"
ልጁን እንዳዘለች ጥቂት፣ በትከሻዬ አሻግራ አየች፤
ከሰማያዊው በርሜል በቀር ውኃ የሚባል አጣች።

ሥራዬ ሠንጠረዥ ነው። ሌሎች ጠልቀው ያዩትን፣
ጀልባ ላይ እየተናወጡ በእርሳስ የጫሩትን
እደረድራለሁ፤ ረድፉ ዝርያ፣ ዓምዱ ቦታ፤
አብዛኛው ግን ዜሮ፣ ዜሮ፣
የሐምሌ በረዶ ነው በቆርቆሮ ላይ፣ በማታ።

ዜሮም ሁለት ነው። አንደኛው የለም ነው፤
ሁለተኛው አለ፣ ዓይን ነው የሳተው።
ወረቀት ላይ ግን መልካቸው አንድ ነው።
ከጤፉ ማሳ ማዶ ጅቡ ሲጮኽ ሰምቼ
ሦስት ዓመት ኖርኩ፤ አንድ ቀን እንኳ አላየሁት ወጥቼ።
የመኖር ዕድል ለብቻው፣ የመታየት ዕድል ለብቻ፤
ይባዛሉ። የቀረው ድካም፣
መብራት እስኪመጣ መጠበቅ ብቻ።

ጋሽ ኢተፋ የብሎኩ ዘበኛ፣ ካፖርቱ ሦስት ቁልፍ የቀረው፤
ምፅዋ አሥራ አንድ ዓመት፣
የአምቦ ሰው፣ ባሕር ኃይል ዋና ያስተማረው።
ነሐሴ ጉም ወርዶ ብሎኮቹ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ሲሰምጡ
ባትሪውን ከታች ያበራል። "ማን አለ?" ይላል፣
መርከብ እንደሚጣራ።
"አለሁ" እላለሁ ከላይ። ይበቃዋል። ይሄዳል።

አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ የታተመውን ይዤ ወረድኩ።
ሥዕሎቹን በጣቱ ገለጠ።
"ይሄን በልቼዋለሁ። ይሄ ይወጋል።
ይሄኛው ሲጠበስ ከዶሮ ያስንቃል።"
ከአንዷ ላይ ቆመ። "የባሕር ላም! ምንድነው ጎኗ ያለው ክብ?"
"ዜሮ ነው፣ ጋሼ። በዚያ ወሽመጥ አልታየችም።"
"ዋሽተዋል።
ሰባ ዘጠኝ፣ ጥር፣ ከተራ ሊሆን ሲል፣ ጎሕ ሲቀድ፣
ባሕሩ ዘይት መስሎ፣
እናትና ልጅ ሣር ይግጡ ነበር፣ ማንንም ሳይፈሩ።"
"የት ጋ?" እስክሪብቶ አወጣሁ።
"ከመብራቱ ማማ ወደ ፀሐይ መውጫ፣
ሁለት ሲጋራ እስኪያልቅ ተጉዘሽ።"
ኬክሮስ የለ፣ ኬንትሮስ የለ። ሁለት ሲጋራ።
"ምን ዓይነት?" አልኩት፤ እየቀለድኩ አልነበረም።
"ኒያላ" አለ፤ እሱም አልቀለደም።

ለአለቃዬ ጻፍኩለት፣ በጋ ቀኑ ወደማይመሽበት አገር።
"ልብ ይነካል፤ መረጃ ግን አይደለም" አለ፣ በአንድ መስመር።
ልክ ነው። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምለው።
ዜሮውን አልነካሁትም።
ከሥሩ ያለውን ጥርጣሬ ብቻ ትንሽ አሰፋሁት፤
ላም ከነጥጃዋ አያሳልፍም፤
ለመተንፈስ ብቅ ስትል ግን አፍንጫዋን ያስወጣል።

ጥቅምት ላይ ማኅበሩ ጥበቃውን ለኤጀንሲ ሰጠ።
ደንብ ልብስ የለበሰ ልጅ መጣ፤ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ተቀመጠ።
"ጋሽ ኢተፋስ?"
"ማን?"
ወይዘሮ አስካለች፣ አገሩ ገባ መሰለኝ አለች።
የሱቁ ልጅ፣ ታሞ ነበር አለ፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም።
ሌላው ደግሞ ጀሞ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አየሁት አለ፤
ካፖርቱ ግን ጥቁር ነበር።
ሦስት ተመልካች። ማስታወሻዬ ላይ
"አልታየም" ብዬ ጻፍኩ፤ ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ውሌ ሚያዝያ ላይ ያበቃል።
ኅዳር ላይ ጉም አያውቀንም፣ ትናንት ግን ወረደ፤
ከታች አንድ ባትሪ ወዲያ ወዲህ ሄደ።
ልጁ ይሆናል፣ ስልኩ ይሆናል።
መስኮቱን ከፈትኩና፣ ማንም ሳይጣራ፣
"አለሁ" አልኩ።